ከባሕር የራቀ የወደብ ጭስ፤ የጭነት መኪናና የደብረ ታቦር መንገድ ታሪክ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ደራ ውስጥ የሚያገኛት ሐሙሲት ስሟን የወሰደችው ከሐሙስ ገበያዋ ነው። ከተማይቱ ከጅቡቲ ወደብ በወልድያ በኩል ሲለካ ከ800 ኪሎ ሜትር ባላነሰ ርቀት ላይ ትገኛለች። ይሁን እንጂ የወደብ ንግድ በደጃፏ ያልፋል፤ ማዳበሪያ፣ ብረት፣ ነዳጅና ኮንቴይነር የጫኑ መኪናዎች ወልድያን፣ ደብረ ታቦርንና ወረታን አልፈው ወደ ባሕር ዳር ሲያቀኑ በሐሙሲት መካከል ያቋርጣሉ። ገበያተኛው የመኪናውን ጥሩምባ ሰምቶ ከመንገዱ ይሸሻል እንጂ ከጭሱ መሸሻ የለውም።

የባሕር ወደብን የሚያገለግሉ የጭነት መኪናዎች ስለሚያስከትሉት የአየር ብክለት በሌላው ዓለም ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው የተጻፈው ግን ስለ ወደቡ ከተማ ነው፤ ነገሩ የታየው መኪናዎች ተሰልፈው በሚጠብቁበት በር፣ በመርከቡ ማራገፊያና በአቅራቢያው በሚኖረው ሕዝብ በኩል ነው። ወደብ ለሌለው አገር ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ጭሱ በወደቡ ላይ አይከማችም፤ ከቆላው አሸዋ እስከ ደጋው ጫፍ በተዘረጋው መንገድ ላይ ይበተናል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚወፍረውም ዳገት ባለበት ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት የደብረ ታቦርን መንገድ ታሪክ ከመሠረቱ ማየት ያስፈልጋል።

በ1860 ዓ. ም. መባቻ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ በጋፋት የተሠሩትን መድፎች አስከትለው ነበር። ከመድፎቹ ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ሲሆን ክብደቱ 7 ቶን ያህል ይገመታል። በሠረገላ ላይ ተጭኖ የሚጎትተው የሰው ጉልበት ነበር። መንገድ በሌለበት መንገድ ማውጣት ግድ ስለሆነ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ሠራዊቱ አፈሩን እየቆረጠ፣ ዓለቱን እየፈነቀለ በጨጨሆና በዋድላ በኩል የጅጣንና የበሽሎን ገደሎች ተሻግሮ መቅደላ የተደረሰው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መጨረሻ ገደማ ነው። ጉዞው ስድስት ወር ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጉዞ የሚያወሱት ስለ ንጉሡ ጽናትና ስለ መጨረሻቸው አሳዛኝነት ነው። በመንገድ ሥራ ዓይን ለሚያየው ግን ሌላም ነገር ይነግራል፤ በዚያ ደጋ ላይ ከባድ ጭነት በተሽከርካሪ እንዲያልፍ ታስቦ መንገድ የተቆረጠበት የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ይኸው ነው። ሥራውን ያከበደው ርቀቱ አልነበረም፤ መውጣትና መውረዱ ነው።

ያ መውጣትና መውረድ ዛሬም አልተለወጠም። የተለወጠው ጉልበቱ ነው፤ የወታደሩን ጫንቃ ናፍጣ ተካው። ስሌቱን ማሳየት አይከብድም። መኪናው ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 40 ቶን ቢመዝንና ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ጋሸና አካባቢ ወዳለው፣ 3000 ሜትር ወደሚጠጋው ከፍታ ቢወጣ፣ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ ከ320 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚበልጥ ሥራ ይጠይቃል። የናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከሢሶው ጥቂት የሚበልጠውን ስለሆነ፣ ለዚህ ማንሻ ብቻ 90 ሊትር ያህል ናፍጣ ይቃጠላል። ከዚህም 240 ኪሎ ግራም የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የጎማው ሰበቃ፣ የነፋሱ ግፊት፣ ወርዶ እንደገና መውጣቱ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። መኪናው ከደብረ ታቦር በዓለም በር በኩል ወደ ወረታ ሜዳ ሲወርድ ደግሞ ያ ሁሉ የተከፈለበት ከፍታ በፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ነጂው ከፍ ብሎ የገዛውን ዝቅ ብሎ በነጻ ይጥለዋል ማለት ነው።

የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነገር ለዓለም አየር የሚቆጠር ነው። ለመንገዱ ዳር ነዋሪ ግን የሚያስጨንቀው ጥቁሩ ጭስ ነው። ጥቁር ጭስ የሚወጣው ናፍጣው የሚበቃውን አየር ሳያገኝ ሲቃጠል ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በጅቡቲ ሙቀት ንጹሕ ሆኖ የሚሠራ ሞተር፣ ተርቦ ከሌለው፣ የጉናን ግርጌ ሲይዝ ያንኑ ናፍጣ በአነሰ አየር ለማቃጠል ይገደዳል። ሞተሩ ይደክማል፤ ነጂው በትንሽ ማርሽ እግሩን ነዳጁ ላይ ያጸናል፤ ከማርሚታው ጥላሸት ይወጣል። ደጋውን የለመደ ብልህ መካኒክ በዚህ ጊዜ የናፍጣውን ፖምፓ ይቀንሰዋል። ብዙው ግን የተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ ጉልበት የሚጨምር መስሎት ፖምፓውን ይከፍተዋል። የሚጨመረው ጉልበት ጥቂት፣ የሚጨመረው ጭስ ብዙ ነው።

ጭሱ ጥላሸት ብቻ ቢሆን ልብስ ማጠብ ይበቃ ነበር። ከናፍጣ የሚወጣው ቅንጣት ግን በአብዛኛው ከ2.5 ማይክሮን የሚያንስ፣ የአፍንጫን ማጣሪያ አልፎ እስከ ሳንባ ጥልቅ የሚደርስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በእ.ኤ.አ. 2012 የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጡት ነገሮች ተራ መድቦታል። በእርግጥ በደራም ሆነ በፋርጣ የምትኖር እናት ሳንባዋ ከመኪናው ይልቅ በማገዶና በኩበት ጭስ እንደሚጎዳ መዘንጋት አይገባም። ነገር ግን የምድጃው ጭስ መኖሩ የመንገዱን ጭስ ንጹሕ አያደርገውም፤ ባለ ምድጃዋም ባለ ሱቁም ሁለቱን ደርበው ይተነፍሳሉ።

የጎንደር ደጋ ወደብ ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ ማስታወስ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአሥመራን መንገድ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ በኩል እስከ ጎንደር ካደረሰ በኋላ የአካባቢው በር ምጽዋ ነበር። ኋላ በኤርትራ የነበረው ጦርነት ያን መንገድ እያወከው ሄደ። ኢትዮጵያ ከሕዝባዊት ቻይና ጋር በ1963 ዓ. ም. ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት መሥርታ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1964 ዓ. ም. መጀመሪያ ፔኪንግን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ብድር ከወልድያ እስከ ወረታ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ እንዲሠራ ተወሰነ። ሥራው በ1967 ዓ. ም. ገደማ ተጀምሮ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተፈጸመ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ድልብን ወጥቶ፣ ጋሸናን፣ ደብረ ዘቢጥን፣ ጨጨሆን፣ ነፋስ መውጫንና ክምር ድንጋይን አልፎ ደብረ ታቦር የሚደርሰው ይህ መንገድ በብዙ ቦታ የቴዎድሮስ መድፍ ያለፈበትን የደጋ ጀርባ ይከተላል። መሐንዲስም ንጉሥም ከዚያ ሌላ መውጫ አላገኙም።

በዚህ መንገድ መከፈት የደቡብ ጎንደር ደጋ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ፤ ወደቡም አሰብ ሆነ። በዚያ ዘመን መንገዱ ጠጠር ነበርና ከጭሱ ይልቅ የሚያሠቃየው አቧራው ነበር። አንድ ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ካለፈ በኋላ ከመንገዱ ዳር ያለው እህልና ቅጠል መልኩን ይለውጥ ነበር። አስፋልቱ በኋላ ዘመን ሲነጠፍ አቧራው ቀረ፤ መኪናውም በቀና ማርሽ መሄድ ስለቻለ የነዳጁ ፍጆታ ቀነሰ። አየርን ስለመጠበቅ አስቦ አስፋልት ያነጠፈ ማንም አልነበረም፤ ሆኖም በዚያ መንገድ ላይ እስከ ዛሬ ለአየሩ ከተደረገው ሁሉ ትልቁ ሥራ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

የአሰብ ዘመን ሌላም ትምህርት ጥሎ አልፏል። በ1977 ዓ. ም. በወሎና በሌላው ሰሜን በነበረው ድርቅ ጊዜ የእርዳታው እህል ወደቡን አጨናንቆት ነበር፤ ችግሩ የመርከብ እጥረት ሳይሆን እህሉን ወደ ደጋው የሚያወጣ መኪና እጥረት ነው። አሮጌ መኪና ሁሉ ተጠግኖ ወጣ። ሰው በሚራብበት ሰዓት ስለ ጭስ የሚናገር አልነበረም፤ ሊኖርም አይገባም። ጉዳቱ ያለው ለአስጨናቂ ጊዜ የተጠገነው አሮጌ መኪና ጊዜው ካለፈም በኋላ ሃያና ሠላሳ ዓመት በመንገዱ ላይ በመቅረቱ ነው።

ግንቦት 1990 ዓ. ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ለኢትዮጵያ ጭነት ተዘጋ። የአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ አቁሞ ነበርና ነዳጁም የተጣራ ሆኖ ከውጭ ይገባ ጀመር። በእነዚህ ሁለት ክስተቶች አገሪቱ ከአየር ብክለት አንጻር አንድ ነገር አጥታ አንድ ነገር አገኘች። ያጣችው በሩን ነው፤ መኪና የሚቆምበት፣ የሚመረመርበት የወደብ በር በሌላ መንግሥት ግዛት ውስጥ ቀረ። ያገኘችው ግን ብዙም ሳይታወቅ ቆይቷል። ነዳጁ በማጣሪያው ዕድሜና አቅም የሚወሰን መሆኑ ቀርቶ በግዢ ውል የሚወሰን ሆነ። በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ምን ያህል ይሁን የሚለው ጥያቄ የፋብሪካ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የነዳጅ አቅራቢው ድርጅት በሚፈርመው ወረቀት ላይ ያለ አንድ መስመር ሆነ ማለት ነው።

ድኙ ለምን እንደሚያስፈልግ መነጋገር ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። ድኝ ሲቃጠል ራሱ የሚያፍን ጋዝ ከመሆኑም በላይ፣ ጥላሸትን ለመያዝ በዘመናዊ ሞተሮች ማርሚታ ላይ የሚገጠመውን ማጣሪያና ኬሚካላዊ ማጽጃ ያበላሻል። አውሮፓ በእ.ኤ.አ. 2009 የናፍጣን ድኝ በሚሊዮን 10 እጅ ላይ የወሰነው ማጣሪያዎቹ እንዲሠሩ ነው። አዲስ መኪና ገዝቶ ድኝ የበዛበት ናፍጣ ማጠጣት ወተትን በታጠበ ማሰሮ ቀድቶ በቆሸሸ ዋንጫ እንደመጠጣት ነው፤ የደከሙበት ንጽሕና መጨረሻው ላይ ይጠፋል።

ወደቡ አንድ ብቻ በሆነበት ጊዜ የባቡር ሐሳብ እንደገና ተነሣ። ለምኒልክ ዘመን ባቡር የፈቃድ ውል የተሰጠው በ1886 ዓ. ም. ነው፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ዓ. ም. ደረሰ። ያ መስመር አርጅቶ ከደከመ በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ. ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱም በ2010 ዓ. ም. ተጀመረ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር በመንገዱ ላይ ጭስ የለውም፤ የአገሪቱ ኤሌክትሪክም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ ጭሱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ እንኳ አይባልም። ቁልቁል ሲወርድም ሞተሩን ወደ ማመንጫነት ለውጦ ኃይሉን ወደ ሽቦው መመለስ ይቻለዋል። የጭነት መኪናው በዓለም በር ቁልቁለት ላይ በፍሬን የሚያቃጥለው ሀብት በባቡር ዘንድ ተመላሽ ነው።

ይህ በረከት ለሰሜኑ አልደረሰም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ከወልድያ አጠገብ እስካለው ሐራ ገበያ የሚዘረጋው 390 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር በ2007 ዓ. ም. ተጀምሮ ብዙው ክፍሉ ከተጠናቀቀ በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይል ሳያገኝ ቆየ፤ በ2014 ዓ. ም. ደግሞ በጦርነቱ ጉዳት ደረሰበት። በመጀመሪያው አገር አቀፍ የባቡር ዕቅድ ላይ ከወልድያ ወደ ወረታ፣ ጎንደርና መተማ የሚያልፍ መስመርም ተሥሎ ነበር። በካርታ ላይ መሥመር መሣል ቀላል ነው። ባቡር ግን እንደ መኪና ድልብን አይወጣም፤ ዳገቱን በዋሻና በረጅም ዙሪያ ማለዘብ ይጠይቃል፤ ወጪውም በዚያው መጠን ነው። ስለዚህ የአዋሽ መስመር ነገ ኃይል አግኝቶ ቢንቀሳቀስ እንኳ ሐዲዱ የሚቆመው ከደጋው ግርጌ ነው። የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከፋው ዳገት ለጭነት መኪናው ይቀራል። ይህን ሳይናገሩ ባቡርን ለሰሜኑ አየር ሙሉ መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ ሕዝቡን በተስፋ መደለል ነው።

ጦርነቱ ራሱም በጭሱ ላይ የራሱን ጨምሯል። ከ2013 ዓ. ም. ማብቂያ ጀምሮ የወልድያ–ወረታ መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ለባሕር ዳርና ለአካባቢው የሚመጣ ጭነት በአዲስ አበባ ዞሮ የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት ነበረበት። በዚያ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ መልሶ መውጣት አለ።

ሌላው ዓለም ያደረገውን ለማየት ከሁሉ የሚጠቅመው የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች ታሪክ ነው። ሁለቱ ጎረቤት ወደቦች በእ.ኤ.አ. 2006 አንድ የአየር ማጽጃ ዕቅድ አወጡ። ከጥቅምት 1 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሞተራቸው ከ1989 በፊት የተሠራ መኪናዎች በበሩ እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በ2012 መጀመሪያ ደግሞ የ2007ን መለኪያ የማያሟላ ሁሉ ቀረ። ከመኪናዎቹ ይወጣ የነበረው ጎጂ ቅንጣት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህል ቀነሰ። የተሳካው በሩ አንድ ስለነበረና የበሩ ባለቤት ስለታወቀ ነው። ሆኖም የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽታ ሊደበቅ አይገባም። አዲሱን መኪና እንዲገዛ የተገደደው በብዙ ቦታ ነጂው ራሱ ነበር፤ ደመወዙ ከመኪናው ዕዳ ተርፎ ቤት የማይደርስለት ነጂ ብዙ ሆነ፤ ነገሩም ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲያከራክር ኖረ።

ኢትዮጵያ ሕግ አላጣችም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ. ም. ወጥቷል። ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ መለጠፍ አለበት። በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከበድ ያለ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ. ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። እነዚህ እርምጃዎች የሚመለከቱት በዋናው ወደፊት የሚመጣውን ተሽከርካሪ ነው። የጉናን ግርጌ የሚያጠቁረው ቀድሞ የገባው ነው። የዓመቱ ምርመራም ቢሆን መኪናውን የሚያየው በቆመበት፣ ባዶውን፣ በዓመት አንድ ቀን ነው። ጭሱ ያለው በ365 ቀን ዳገት ላይ ነው።

ከጅቡቲ መለስ በሩ የት ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በደረቅ ወደቦቹ ዘንድ ይመስላል። ሞጆ፣ ኮምቦልቻ፣ ሠመራ እየተባለ የተጀመረው የደረቅ ወደብ ሥራ በቅርብ ዓመታት ወረታ ደርሷል። ወረታ የቻይና መንገድና የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ የሚገናኙባት፣ ከሐሙሲትም በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች የምትገኝ ከተማ ናት። ደረቅ ወደቡ የታሰበው ለጉምሩክና ለኮንቴይነር ነው። ነገር ግን አጥር አለው፤ በር አለው፤ መኪናው እዚያ ቆሞ ሰነዱን ያሳያል፤ ባለቤቱም የታወቀ ነው። በ1990 ዓ. ም. አሰብ ላይ የቀረው በር በዚህ ደጋ ግርጌ ተመልሶ ተተክሏል ማለት ነው።

በዚያ በር ላይ ሊደረግ የሚችለው ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የጭስን ጥቁረት በብርሃን የሚለካው መሣሪያ በማርሚታው አፍ ላይ ተደርጎ ነጂው ሞተሩን ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ ቢያደርግለት በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ ይታወቃል። ልኩን ያለፈ መኪና በመጀመሪያ መታየት ያለበት አየር ማጣሪያው ነው፤ በደጋውና በአፋር አቧራ የታፈነ ማጣሪያ ያላለቀ ሞተርን ያለቀ ያስመስለዋል። ቀጥሎ የናፍጣው መርጫ፣ ቀጥሎም ፖምፓው ነው፤ ፖምፓው በደጋ ልክ ተስተካክሎ በሽቦና በእርሳስ ቢታሸግ መንገድ ላይ የሚከፍተው አይኖርም። የዚህን ጥገና ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ከመሣሪያው ይልቅ ከባድ ጥያቄ ነው። ባለ አንድ መኪናው ማኅበርተኛ ከወረታ ወደ ወደብ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ያጣል፤ ከመተማና ከቋራ የሚወጣው ሰሊጥ ዓመቱን ሙሉ አይገኝም። ባዶ የሚወርድ መኪና የመመለሻውን ናፍጣ ከመጪው ጭነት ኪራይ ላይ ይከፍላል፤ ለማጣሪያና ለመርጫ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ልኩን ጠብቆ ለተገኘ መኪና የመልስ ጭነት ተራ ቅድሚያ ቢሰጠው፣ ቅጣት ከመጣል ይልቅ ባለ መኪናውን ወደ መካኒኩ ደጅ ቶሎ ያመጣዋል። የመልስ ጭነት ያገኘ መኪና ሁለት ጊዜ መሄድ የነበረበትን አንድ ጊዜ ይሄዳልና በጨጨሆ ዳገት ላይ የሚቆጠረውም መኪና በዚያው ልክ ያንሳል።